ቅጠል ያልተጣለላት መኪና

የመኪና እሽቅድምድም እወዳለሁ ስል ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ የጭማቂ ማሽኔን ያያል። ሚዛን ተፈሪ ላይ አቮካዶና አናናስ ስትፈጭ የምትውል የሁለት ልጆች እናት ከእሽቅድምድም ጋር ምን አገናኛት? ይላል ፊቱ። እኔ ደግሞ ለማውራት ሁለተኛ ጥያቄ አልጠብቅም። ማሽኑን አጥፍቼ እጀምርለታለሁ።

የለከፈኝ ባህሬን ሰው ቤት ስሠራ ነው። አሠሪዎቼ አንድ ቀን ልጆቻቸውን ይዘው ወደ በረሃው ሲወጡ፣ ትንሿን የሚይዝላቸው ሰው ስላስፈለገ እኔንም ጫኑኝ። ሽርሽር ነበር የመሰለኝ፤ ዳቦና አይብ ቋጥሬያለሁ። ደርሰን ቁጭ እንዳልን የእሽቅድምድም መኪኖች በፊታችን ሲያልፉ ደረቴ ውስጥ ያለው ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ሕፃኗ እቅፌ ውስጥ ለጥ ብላ ተኛች፤ እኔ ቆሜ ቀረሁ።

ትልቋ ልጃቸው በአረብኛም በእጇም እያደረገች አስረዳችኝ። ይኼ ቶሎ የሚያልቅ ውድድር አይደለም፤ ስድስት ሰዓት ሙሉ ይነዳል። አንዷን መኪና ሦስት ሹፌሮች እየተፈራረቁ ይይዟታል። ነዳጅ ይቀዳሉ፣ ጎማ ይቀይራሉ፣ ከተሰበረችም ጠግነው ይመልሷታል።

«እንዲህማ ከሆነ የኛ አገር የጭነት መኪና ማለት ነው!» አልኩ በአማርኛ። የገባው ሰው አልነበረም እንጂ እውነቴን ነበር።

ከሁሉም አንዲት ቢጫ መኪና ዓይኔን ወሰደችው፤ የቴፒን የበሰለ ሙዝ የምትመስል። ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው እያጨሰች መንገድ ዳር ቆመች። ሹፌሩ ወረደና የራስ ቁሩን እንኳ ሳያወልቅ አሸዋ ላይ ዘፍ አለ። እኔም ማልቀስ ጀመርኩ። ሕፃኗም ነቅታ አለቀሰች። እመቤቲቱ ደንግጣ መጥታ ማን እንደመታን ጠየቀችን።

አገሬ ከገባሁ በኋላም አልለቀቀኝም። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ የፈረንጅ ፊደል አጥርቼ የለየሁት በስልኬ የመኪኖቹ በር ላይ የተጻፈውን እያነበብኩ ነው። ኔትወርክ በፈቀደ ቀን ውጤት አያለሁ፣ ባልፈቀደ ቀን እበሳጫለሁ። ውድድሩ አገር ላገር ይዞራል፤ ቢጫዋ ሌላው አገር ሁሉ ደህና ትነዳና እዚያ በረሃ ስትደርስ አንድ ነገር ትሆናለች። አንዱን ዓመት ጎማ፣ ሌላውን ዓመት ሞተር። ታሸንፍልኝ ብዬ ተመኝቼ አላውቅም። እዚያው ሜዳ ላይ ስትጨርስ በዓይኔ ማየት፣ ይኸው ነበር ምኞቴ።

ጭማቂ ቤቴ ከኳስ ማሳያ ቤቱ ጋር የምትጋራው አንድ ግድግዳ አለ። ባለቤቱ ዲሹ ላይ መቶ ምናምን ጣቢያ ደርድሮ የሚከፍተው ያንኑ ኳስ ብቻ ነው። አንድ ቅዳሜ ያ የበረሃው ውድድር በአንዱ ጣቢያ እንደሚተላለፍ በስልኬ አየሁና ባለቤቱን ከማለዳው ጀምሬ ያዝኩት።

«ወንድሜ፣ ዛሬ ብቻ።»

«እህቴ፣ ደንበኞቼ ይበሉኛል።»

«ደንበኞችህ የማንን ጭማቂ ነው የሚጠጡት?»

ራሱን እያከከ ጣቢያውን ፈለገልኝ።

የቡና መድረሻ ወቅት ነው። ከንጋት ጀምሮ ዝናብ ስለጣለ ጭነት ቆሞ፣ ሹፌሩም መካኒኩም ቤቱን ሞልቶታል። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለት ትልልቅ የእንግሊዝ ቡድኖች ይጋጠማሉ። እስከዚያ ነው ብለው ዝም ያሉኝ፣ ውድድሩ እስከ አስራ አንድ ሰዓት መሆኑን ሲሰሙ ቤቱ ተንጫጫ። ከሁሉ የባሰው ከመናኸሪያው ጀርባ የሚሠራው ወፍራሙ መካኒክ ነበር፤ እጁ ግሪስ፣ ማሊያው ግሪስ።

«እትዬ፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ መኪና ሲዞር? እኔ ሳምንቱን ሙሉ መኪና ሥር ነው የምተኛው! ቅዳሜዬን ተዪልኝ!»

ተጨቃጨቅን፣ ተጨቃጨቅንና ተስማማን። ቢጫዋ ውድድሩ ውስጥ እስካለች ድረስ ሪሞቱ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል። ከወጣች ወዲያው ለኳሱ ይሰጣል። እኔን ብሎ ተደራዳሪ! ያቺ መኪና በዚያ ሜዳ ጨርሳ እንደማታውቅ ትንፍሽ አላልኩም።

አምስት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ሰዓት ሳይሞላ ቢጫዋ ከመንገዱ ታጥፋ ስትገባ መካኒኩ ወንበሩን ገልብጦ ተነሳ።

«ወጣች! ወጣች! ሪሞት!»

«ነዳጅ ልትቀዳ ነው አንተ!»

«ከወጣች አላልሽም? ይኸው ወጣች!»

ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። በዚህ መሃል ጥግ ላይ አናናሳቸውን ይዘው የተቀመጡ ሽማግሌ ሹፌር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የማሻን ቡና፣ የቴፒን ቡና ሲያወርዱ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ሲናገሩ ሁሉም ያዳምጣል።

«ስማ ልጄ» አሉት፤ «እኔ ማሻ ላይ ምሳ ልበላ ስወርድ፣ መኪናው ተበላሸ ብለህ ለሚስቴ ትደውልላታለህ?»

«አይ፣ ጋሼ...»

«መኪና ተበላሸ የሚባለው ሹፌሩ ቅጠል ቆርጦ መንገድ ላይ ሲጥል ነው። ቅጠል እስካልጣለ ድረስ ጉዞ ላይ ነው። አለቀ።»

ይኼን የማያውቅ የለም። በኛ መንገድ የቆመ መኪና ከኋላውና ከፊቱ ቅጠል ይደረግለታል፤ መጪው ቅጠሉን አይቶ ፍሬን እንዲይዝ። መካኒኩ ግን እጅ አልሰጠም።

«እዚያ በረሃ ላይ ቅጠል ከየት ያመጣሉ ጋሼ?»

ጋሼ አሰቡ። «እንግዲያው የጋራዣቸውን መዝጊያ ሲያወርዱ፣ ያኔ ቅጠሉን ጣሉ ማለት ነው።»

መካኒኩ በዝናቡ ወጣና እየተንጠባጠበ ተመለሰ። እጁ ላይ ትልቅ የአቮካዶ ቅርንጫፍ ይዟል።

«እነሱ ባይኖራቸው እኔ አዘጋጅቻለሁ። መዝጊያው ሲወርድ እትዬ እግር ሥር ነው የምጥለው!»

የእኔን አቮካዶ እኮ ነው የቆረጠው! ከጓሮዬ! በሳቅ ልፈርስ ስለደረስኩ መቆጣት አቃተኝ።

ሦስት ሰዓት ሙሉ አዘለለችን። ሹፌሯ ሲወርድ ሌላው ሲገባ፣ «ተራው ደረሰው!» እያሉ ማጨብጨብ ጀመሩ። ግማሾቹ የየራሳቸውን መኪና መረጡ፤ አንዱ ሰማያዊዋን፣ አንዱ ቀይዋን። የቤቱ ባለቤት ሳይቀር፣ ለእሱ ምንም እንደማይመስለው እየማለ፣ ነጯ ስታልፍ አንገቱን ያሰግጋል።

ስምንት ሰዓት ከአስር ላይ ቢጫዋ ፍጥነቷን ቀነሰች። እየተንቀራፈፈች መጣችና ነዳጅ ከሚቀዳበት አልፋ እየተገፋች ወደ ጋራዡ ውስጥ ገባች። መካኒኩ ቅርንጫፉን አንስቶ ፊቴ መጥቶ ቆመ።

«በይ እንግዲህ እትዬ፣ ኪስሽን ፍቺ።»

«መዝጊያው አልወረደም!»

«ይወርዳል።»

ሰዎቹ ተሯሩጠው የመኪናዋን ኋላ ፈቱት። ሹፌሩ አልወረደም፤ መሪውን እንደያዘ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ይኼን ያዩት ጋሼ ናቸው።

«ተመልከቱት» አሉ። «ጭቃ ውስጥ ስንገባ እኛም እንዲሁ ነን። የሚገፋው ይገፋል፣ ሹፌር መሪውን አይለቅም። ይኼ ሰው መንገዱን ሊቀጥል ነው።»

መካኒኩ ዞር ብሎ ስክሪኑን አየ። ማየት አልነበረበትም።

«ካምቢዮ ነው፣ ማርሹ» አለ ቀስ ብሎ። «ካምቢዮውን ሊያወርዱት ነው።»

አንድ እርምጃ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ከዚያ ሌላ። «አይ! አይ! መጀመሪያ የታችኛውን ብሎን! ... ጎሽ! ይኼ ልጅ ያውቃል። እጁን እዩት፣ እጁን!» ቅርንጫፉን ብብቱ ሥር ወሽቆ በሁለት እጁ አየር ላይ ብሎን ይፈታል። «ካምቢዮ ማውረድ እኔ ጋ ቢመጣ ዛሬ ፈትቼ ሰኞ ነው የምገጥመው። እነዚህ ምን ሊያደርጉ ነው?»

ስምንት ሰዓት ተኩል ሆነ። ከኋላ አንዱ «ኳሱ ጀመረ!» ብሎ ጮኸ።

«ዝም በል!» አለው መካኒኩ ሳይዞር። «ካምቢዮ እያስገቡ ነው!»

ሪሞቱን ኪሴ ውስጥ ጨብጬ ሰዓቱን እቆጥራለሁ። አርባ ደቂቃ አለፈ። ሃምሳ ሊሞላ ሲል መኪናዋ ከክሪኩ ወረደች፣ ሞተሩ ተነሳ፣ ቢጫዋ ጅራቷን ወዝወዝ አድርጋ ወደ መንገዱ ወጣች። ቤቱ ፈነዳ! መካኒኩ አቅፎ ከመሬት አነሳኝ፤ የዚያ ግሪስ ምልክት እስከ ዛሬ ሽርጤ ላይ አለ። ኳሱን የጠየቀ አልነበረም።

ከሁሉም ኋላ ነበረች። እንደ በግ መንጋ ሁሉም ያልፏታል፤ እኛ ግን በዞረች ቁጥር እንጮሃለን። ማን እየመራ እንደሆነ ማንም ሳይጠይቅ ግማሽ ቀን ያለፈበት የኳስ ቤት ያ ብቻ ይመስለኛል።

ከዚያ፣ ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው፣ መብራት ሄደ።

የጮህኩትን ጩኸት መናኸሪያ ድረስ ሰምተውታል። ባለቤቱ ወደ ጄኔሬተሩ ሮጠ፤ ገመዱን ጎተተ፣ ጎተተ፣ ጄኔሬተሩ አሳለና ዝም አለ። መካኒኩ ቅርንጫፉን እኔ ላይ ወርውሮ ወጣ።

«ዞር በል! እነዚያ ካምቢዮ ቀይረው እኔ ጄኔሬተር ላላስነሳ?»

ምን እንደነካካው አላውቅም። በሦስተኛው ጉተታ ተነሳ። ዲሹ እስኪመለስ የጠበቅነው ጊዜ ከስድስቱ ሰዓት ይረዝም ነበር። ስክሪኑ ጥቁር፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ... ሜዳው! አንደኛው ገብቶ ባንዲራው እየተውለበለበ ነው። አንዷ አለፈች፣ ሌላዋ አለፈች፣ ቢጫ የለም።

«ወዴት ናት? ጋሼ፣ ወዴት ናት?»

«ጠብቂ ልጄ። የሚደርስ ይደርሳል።»

ከመጨረሻው መታጠፊያ ብቅ አለች። ብቻዋን። አቧራ ለብሳለች፣ አንድ መብራቷ ተሰብሯል፣ ያቺ የበሰለች ሙዜ! መካኒኩ ቅርንጫፉን ከእጄ ነጥቆ ወንበር ላይ ወጣና ከባንዲራው ሰውዬ ጋር እኩል አውለበለበላት፤ አንዳንድ ቅጠሉ ሁላችንም ላይ ረገፈ። ተሻገረች። ጨረሰች። በዓይኔ አየኋት፤ ደግሞ አለቀስኩ፤ አሁን ማን መታሽ ያለኝ የለም።

እየጨፈርን ደጅ ወጣን። መካኒኩ በደስታ ቅርንጫፉን ወደ ላይ ወረወረውና መንገዱ መሃል ወደቀ። አንድ ባጃጅ ከላይ እየበረረ መጥቶ ቅጠሉን ሲያይ ፍሬን ያዘ። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ ግራ ቀኝ ፈለገ፤ የቆመ መኪና የለም።

«ምንድን ነው የተበላሸው?» አለን።

«ምንም!» አልነው በአንድ ድምፅ። «ደርሳለች!»