ሦስተኛው ክር

ባለፈው ወር እንጅባራ ለእህቴ የልጅ ልጅ ሠርግ ተጠርቼ ነበር። የሙዚቃ ባንዱ መሣሪያውን ሲሞክር፣ ጊታር መቺው አንዱን ክር ደጋግሞ ይነካና ፊቱን ያጨማድዳል። አጠገቤ የተቀመጡት ሰዎች ጨዋታቸውን ይዘዋል። እኔ ግን ሰማሁት፤ አንዱ ክር ከሌሎቹ በላይ ይጮሃል። እጄ ትሪው ላይ እንደቀረ፣ ሐሳቤ ስድሳ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ተመልሶ ዳንግላ ገባ።

ዘመኑ የሃምሳዎቹ መጨረሻ ነው። ዕድሜዬ ሃያ፣ ሥራዬ መምህርነት። የተወለድሁት ዘንገና ሐይቅ አጠገብ በመሆኑ አፌን የፈታሁት በአገውኛ ነው። ከተማ ከገባሁ ወዲህ ግን በአማርኛ ብቻ እናገር ነበር፤ ገበያ ውስጥ የአገሬ ሰው በአገውኛ ሰላም ሲለኝ እንኳ በአማርኛ የምመልስ ጎረምሳ ነበርሁ። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

በዚያን ጊዜ የምኮራበት ነገር ኤሌክትሪክ ጊታር ነበር። ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ የውጭ አገር መምህር፣ ከነድምፅ ማጉያው ለትምህርት ቤቱ ትቶት ሄደ። እኔም ከእሱ ጥቂት ተምሬ ስለነበር በእጄ ገባ። ትምህርት ቤቱና ወፍጮ ቤቱ አጥር ለአጥር ናቸው፤ ባለወፍጮው ከሞተሩ ጋር ከተያያዘችው ዲናሞ በአጥሩ ላይ ሽቦ ስቦልን፣ እህል በሚፈጭበት ሰዓት እኛም እንዘፍን ነበር።

በግንቦት መጨረሻ የወላጆች ቀን ሊከበር ሆነ። ርዕሰ መምህሩ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ዘፈን በአገውኛ እንዲቀርብ ፈቀዱ። የምትዘፍነው ይታይሽ የምትባል የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ የገብስ አጨዳ ዘፈን ታውቃለች። ድምፅዋ ቀጭንና ጥርት ያለ ነው፣ ጉልበት ግን የለውም። ማይክራፎን ደግሞ አልነበረንም።

«ከገጠር የሚመጡት ወላጆች ቃሉን እንዲሰሙት ነው የፈቀድሁት» አሉኝ ርዕሰ መምህሩ። «ጫጫታ ከሆነ ግን መጀመሪያውም መጨረሻውም ይኸው ነው።»

ችግሩ የጀመረው የጊታሩ ሦስተኛ ክር ሲበጠስ ነው። የድሮው ክር በላዩ ቀጭን ሽቦ የተጠመጠመበት ወፍራም ነበር። በአውቶቡስ ሹፌር በኩል ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት ግን ምንም ያልተጠመጠመበት ባዶ ሽቦ ሆኖ ተገኘ። ስሞክረው እንደ ጉድ ጮኸ። ማጉያውን ዝቅ ሳደርገው ሌሎቹ አምስት ክሮች ይጠፋሉ፤ ከፍ ሳደርገው ሦስተኛው ይታይሽን ይውጣታል።

ገበያው ዳር ሬዲዮ የሚጠግኑ አያ መኳንንት የሚባሉ ሰው ነበሩ። ጊታሩን ተሸክሜ ሄድሁ። ጊታሩን ከአንድ ባለባትሪ ሬዲዮ ጋር አያያዙትና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ክሮቹን አንድ በአንድ እንድነካ አዘዙኝ፤ ሦስተኛው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ። ከዚያ ከክሮቹ ሥር ያለውን ፒካፕ አሳዩኝ። ፒካፕ ማለት የክሩን ንዝረት ተቀብሎ ወደ ማጉያው የሚልክ፣ ስድስት ትንንሽ ማግኔቶችና ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ያለበት ነገር ነው።

«ማግኔቶቹን እያቸው፤ እኩል አይደሉም» አሉኝ። «የሦስተኛው ወደ ላይ ወጥቷል። የሠራው ሰው፣ ይህ ክር ጥምጥም ስለሆነ ድምፁ ይደክማል ብሎ አስጠግቶታል። አንተ ባዶ ሽቦ ስታስርበት እንዴት አይጮህ?»

የውጭ አገሩ መምህር በቆርቆሮ ሣጥን ትቶት የሄደ ሌላ ፒካፕም ነበረኝ፤ አውጥቼ አሳየኋቸው። ማግኔቶቹ ሁሉ እኩል ናቸው። ድምፁ ግን ረጋ ያለ ነው፤ የመጀመሪያውን ያህል አይጮህም።

«ይኸኛው ይሻልሃል።»

«ድምፁ ያንሳል፣ አያ።»

«ለማን ነው የሚያንሰው?»

ጊታሬን ይዤ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ቀን ሰው ሁሉ እንዲሰማኝ እፈልግ ነበር።

በማግሥቱ ልምምድ ላይ ይታይሽ ሁለት ስንኝ ዘፍና ዝም አለች። እንድትቀጥል ነገርኋት፤ መሬት መሬት እያየች ቆመች።

«መምህር፣ እኔ ከእርስዎ ጋር አልዘፍንም» አለችኝ።

«ለምን?»

«ድምፄን ለራሴ እንኳ አያሰሙኝም። እናቴ ከሩቅ ነው የምትመጣው። አማርኛ አትሰማም። ከቀኑ ሁሉ የሚገባት ይኸ አንዱ ዘፈን ብቻ ነው።»

በዚያ ዘመን ተማሪ ለመምህሩ እንዲህ አይናገርም ነበር። ፊቴ ጋለ፤ ልቆጣም አሰብሁ። ግን የራሴ እናትም አማርኛ አትሰማም ነበር። ከሐይቁ ማዶ ድረስ መጥታ ብትቀመጥ ምን ትሰማ ነበር?

ያን ቀን ጊታሩን አቅፌ በዝናብ ወደ አያ መኳንንት ሮጥሁ። የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ እየበሉ ነበር። አንዱን ልጠው ሰጡኝና ነገሩን ሳልጀምርላቸው መበየጃውን አጋሉ። ያንን ድምፁ ረጋ ያለ ፒካፕ ገጠሙልኝ። በወፍራሞቹ ክሮች በኩል ብሎኑን አላልተው ዝቅ፣ በቀጫጭኖቹ በኩል አጥብቀው ከፍ አደረጉት። ሩብ ዙር ያዞራሉ፣ ያዳምጣሉ፤ እንደገና ሩብ ዙር። ስድስቱ ክሮች እኩል እስኪናገሩ ድረስ ከወንበራቸው አልተነሡም።

በበዓሉ ቀን ግቢው ሞላ። ይታይሽ ስትጀምር እኔ ከሥሯ ቀስ ብዬ ገባሁ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ከኋላ ከቆሙት እናቶች አንዲቷ በአገውኛ ተቀበለቻት፤ ቀጥሎ ሌሎቹ። እያጨዱ እንደሚቀባበሉት ነው የተቀበሏት። እጄ ጊታሩ ላይ እያለ አፌ በአገውኛ መቀበል መጀመሩን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ርዕሰ መምህሩ ይድገሙት አሉ። እዚያ እስከቆየሁ ድረስ የአገውኛ ዘፈን ከወላጆች ቀን ቀርቶ አያውቅም።

አያ መኳንንት ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ያስተማሩኝን በሕይወታቸው ሳሉ በቅጡ አላመሰገንኋቸውም። ከዚያ በኋላ በክፍልም በቤትም፣ ድምፄን ከፍ ላድርግ ስል «ለማን ነው የሚያንሰው?» ይሉኛል። ያ ጥያቄ ብዙ ነገር አተረፈልኝ።

ይታይሽን አምና ግምጃ ቤት ከተማ፣ ለቅሶ ላይ አገኘኋት። አያት ሆናለች። ያንን ቀን አነሣንና ማን እንደተቀበላት፣ እናቷ ምን ዓይነት ነጠላ እንደለበሰች አንድም ሳይቀር ነገረችኝ።

«እኔስ እንዴት ነበርሁ?» አልኋት።

ጥቂት አሰበችና «እርስዎ አጠገቤ ቆመው ነበር፤ አብረውኝ ሲዘፍኑ አስታውሳለሁ» አለችኝ። «ጊታር ነበረ እንዴ?»

ከዚያ በላይ ምስጋና ተቀብዬ አላውቅም።