የጋቢናው ወንበር

የመኖሪያ መኪናቸውን ሊሸጡልኝ ደጃፋቸው ላይ ቆመው የጠበቁኝ አዛውንት ክራቫት አስረዋል። በዚህ በጁትላንድ ባሕር ዳርቻ ሰው ክራቫት የሚያስረው ለሠርግ ወይም ለቀብር ነው።

«ጫማህን አውልቅ ልጄ፤ ቤት ነው» አሉኝ። እሳቸውም አወለቁ። የካልሲያቸው ተረከዝ በወፍራም ክር፣ ባልለመደ እጅ ተሰፍቷል። የመኪናዋን ነውር አንድም አልደበቁኝም። «ጣሪያዋ እዚህ ጋ ያፈሳል። ምድጃው አመለኛ ነው» እያሉ አሳዩኝ። አልጋው ጋ ስንደርስ ግን ፊታቸውን አዙረው አለፉ።

ልሞክራት መሪውን ስይዝ እሳቸው ጋቢና ከጎኔ ገቡ። ወንበሩ ወደ ፊት ተስቦ ስለነበር ጉልበታቸው ተላተመ።

«ወደ ኋላ ልግፋልዎት?»

«ተወው፣ አትንካው።»

የባሕሩን ዳር ይዘን ስንሄድ ሌላ የመኖሪያ መኪና ከፊታችን መጣች። እንዲህ ያለ መኪና ያላቸው ሰዎች መንገድ ላይ ሲተላለፉ፣ ባይተዋወቁም እጅ እያውለበለቡ ሰላም ይባባላሉ። ከዚያችኛዋ ውስጥ አንዲት ሴት እጇን አውለበለበችልን። እኔ ከመሪው ጋር እታገላለሁ። አዛውንቱ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ አለፍናት።

«ምነው ዝም አሏት?» አልኳቸው።

«የምነዳው እኔ ነበርኩ» አሉ። «ሰላም ማለት የሚስቴ ፈንታ ነበር።»

ጥቂት እንደሄድን የዳቦ ማመላለሻ መኪና ብቅ አለ። አዛውንቱ ቸኩለው እጃቸውን አነሡ። የዳቦው ሾፌር ግር እያለው አጸፋውን መለሰ። እሳቸው ግን መኪናው ካለፈም በኋላ እጃቸውን አላወረዱም።