የእናቴ ሞተር ገፊዎች

ሞተሩ አቦቦ አይሄድም! ዛሬ ጠዋት የእናቴ ኃላፊ ራሳቸው፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሶ፣ «ይቆይ፣ እዚሁ ይቆይ» አሉ። እኔ ከደስታዬ ብዛት ደብተሬን ሳልይዝ ትምህርት ቤት ሄጄ ተመለስኩ። አሁን ማንም ሳይቀድመኝ ልጻፈው፤ ወሬው በሰፈሩ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ እየተለወጠ ነው። እስኪመሽ ድረስ «ሞተሩን የጠገነው ጉርጥ ነው» መባሉ አይቀርም። ትንሽ እውነትም አለው።

ሞተሩ የእናቴ ነው። ማለቴ የመሥሪያ ቤት ነው፤ የምትነዳው ግን እሷ ናት። እማዬ ክትባት ሰጪ ስለሆነች ሰፈሩ በሙሉ «ሲስተር» ይላታል። በረዶ የተሞላውን የክትባት ሳጥን ከኋላዋ አስራ፣ በኢታንግ መንገድ ግራና ቀኝ ወዳሉት መንደሮች ትሄዳለች። ሞተሩ አስፋልቱንም ጭቃውንም የሚችል ረጅም ዓይነት ነው፤ እማዬ ደግሞ አጭር ናት። ስትቆም መሬት የሚነካው አንድ እግሯ ብቻ ነው። መሥሪያ ቤት ያሉት ወንዶች «ሲስተር፣ ይሄ ይከብድሻል፣ ባጃጅ ተሳፈሪ» ሲሏት «ባጃጁ ጭቃ ውስጥ ሲቀር እናንተ ትሸከሙኛላችሁ?» ብላ ነው የወሰደችው። ስለዚህ ሞተሩ ጠዋት ጠዋት አልነሳም ማለት ሲጀምር እማዬ ፊቷ ጠቆረ። ሰዎቹ «አላልንም?» ሊሉ ነዋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቁልፉን ታዞራለች፣ አዝራሩን ትጫናለች፣ ሞተሩ «ትክ» ይላል። ከዚያ ዝም። በእግር የሚረገጥ ማስነሻ የለውም፤ ባትሪው ከሞተ ያለው መላ መገፋት ነው።

እኛም ገፋን። መጀመሪያ እኔና አባዬ ነበርን። ቀጥሎ ዓሣ የምትሸጠው ጎረቤታችን ከአጥሯ በላይ አይታን «እንደዚህ አይገፋም» አለችና መጣች። እዚሁ ጋምቤላ የተወለደች ናት፤ አማርኛዋ ቁጥብ ነው፣ ግን ማንም ሁለተኛ አያስደግማትም። ከጠዋት ጸሎት የሚመለሱትን የቸርቿን መዘምራን ጠርታ ከሞተሩ ኋላ አሰለፈቻቸው።

«ሲስተር፣ ቁጭ። ፍሪሲዮን ያዢ። እናንተ፣ መዝሙር!»

እነሱ በቋንቋቸው እየዘመሩ ይገፋሉ፣ እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጾመኛ ሆና፣ በመዝሙር እየተገፋች በጭቃው ላይ ትሄዳለች። ሁለተኛው አዝማች ላይ ፍሪሲዮኑን ትለቃለች፣ ሞተሩ «ዱፍ!» ብሎ ይነሳል፣ ገፊዎቹ በሙሉ በግንባራቸው ይደፋሉ። እማዬ እንዳይጠፋባት ፈርታ ስለማትቆም ደጃችን ላይ ያለውን የማንጎ ዛፍ ትዞራለች፤ አባዬ የክትባቱን ሳጥን ታቅፎ ከጎኗ ይሮጣል። «ቀስ በይ እንጂ!» «አንተ ፍጠን እንጂ!»

ይህ የየቀኑ ሥራ ሆነ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ከፈረቃ ሲወጣ ቤቱ ሳይገባ ወደ እኛ ይመጣል። ሰው ቦታ ይይዛል። አንድ ቀን ዝናብ ጥሎ መዘምራኑ ሲዘገዩ ዘበኛው «ያለ እነሱ ቢነሳም አያምርም» ብሎ እማዬን አስጠበቃት።

ምክሩ ደግሞ ከገፊው ይበዛል። ዘበኛው ሙቀቱ ነው አለ። የአባዬ የሥራ ባልደረባ የሌሊት ወፍ ማንጎው ላይ ሆና ኩሷን ስለምትጥልበት ነው አለ። የመሥሪያ ቤቱ ሹፌር፣ ዓይኑን ወደ እማዬ ሳያዞር፣ «ሞተር የሚነዳውን ሰው ያውቃል» አለ። ዓሣ ሻጯ ደግሞ ሞተሩን ዳበስ አድርጋ «ደክሞታል። እሑድ ይረፍ» አለች። እሑድ አረፈ፤ ሰኞ ጭራሽ «ትክ» ማለቱንም ተወ።

ባጃጅ የሚጠግነው ጎረቤታችን ነው እውነተኛውን ሥራ የጀመረው። አዲስ ባትሪ አስገባ፤ በማግስቱ ሞተ። ፊውዙን አየ፣ ሽቦውን በእጁ እየተከተለ እስከ ዲናሞው ድረስ ፈተሸ፣ የባትሪውን ጫፎች በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገ። በመጨረሻ ቴስተሩን ለእኔ ሰጥቶ «ማታ ሲስተር ከመንገድ ስትመለስ ለኪ፣ ጠዋትም ለኪ» አለኝ። ማታ ሙሉ ነው፣ ጠዋት ባዶ። «እንግዲያው ባትሪውም ደህና ነው፣ መንገድ ላይም ይሞላል» አለ። «ሌሊት የሚበላው ነገር አለ።»

አባዬ ከዚህ ሁሉ የሰማው «ሌሊት» የምትለዋን ብቻ ነው። ሌሊት ማለት ለእሱ ሌባ ማለት ነው። አባዬ ንብረት ክፍል ነው የሚሠራው። ቁልፍ ይዞ የኖረ ሰው በር ሲዘጋ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ይቆልፋል፣ ይጎትታል፣ ትንሽ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይጎትታል። ሞተሩን ማታ ማታ የሚያስተኛውም እሱ ነበር። መሪውን ይቆልፋል፣ በወፍራም ሸራ ይሸፍናል፣ ሸራውን በገመድ ይተበትባል። ባትሪው በሞተ ቁጥር አቆላለፉ እየጠበቀ ሄደ።

ባለፈው ሳምንት ኃላፊው እማዬን ጠሯት። «ሰኞ ጠዋት ቤትሽ መጥቼ አያለሁ። በአዝራር ከተነሳ ያንቺ ነው። ካልተነሳ አቦቦ ወረዳ ላለው ባልደረባሽ ይሰጣል» አሏት። እማዬ ያን ቀን ራት አልበላችም። የራስ ቁሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በጨርቅ ስትወለውለው አመሸች። ያልቆሸሸ የራስ ቁር።

ቅዳሜ ጠዋት ገመዱን ፈትቼ ሸራውን የገለጥኩት እኔ ነበርኩ። ከሞተሩ ኋላ መሬቱ ላይ የነፍሳት ክንፍ ተከምሯል። ከፊት በኩል አንድም የለም። ክምሩ መሃል ጉርጥ ተቀምጧል። ምን ተቀምጧል እላለሁ፣ ተንሰራፍቷል! አባዬ በየጠዋቱ በመጥረጊያ የሚያባርረው ጉርጥ ነው፤ በየጠዋቱም ወፍሮ ይጠብቀን ነበር። ሁላችንም ስለ ሞተሩ ስንጨቃጨቅ ይህ ፍጡር ከኋላችን ሆዱን ሲሞላ ከርሟል።

እኔም ቆሜ አሰብኩ። ክረምት ላይ በእኛ አገር ነፍሳት ማታ የሚሰበሰቡት መብራት ባለበት ነው። ታዲያ ሸራ ውስጥ ምን መብራት አለ?

ሲመሻሽ፣ አባዬ ሞተሩን አስተኝቶ እንደገባ፣ በሸራው ሥር በሆዴ ገባሁ። ውስጡ ቀይ ነበር። የሞተሩ የኋላ መብራት ቦግ ብሎ በርቷል፤ ነፍሳቱ ይዞሩታል፤ ጉርጡ ሥሩ ቁጭ ብሎ ወደ ላይ ያያል። እኔን ሲያይ እንኳን አልተነቃነቀም። ወንበሩን የያዘ ደንበኛ ነው የሚመስለው።

«አባዬ! ና እስቲ፣ ሞተሩን እንዴት እንደምትቆልፈው አሳየኝ!»

መጣ፣ ገመዱን ፈታ፣ ከፍቶ እንደገና ቆለፈ። መሪውን ወደ ግራ አጥፎ ቁልፉን ሲያዞር «ቀጭ» አለ። መሪው ተቆለፈ። እሱ ግን ቁልፉን ገፋ አድርጎ አንድ ጊዜ ጨመረ፦ «ቀጭ»። ከኋላ ቀዩ መብራት በራ።

«ሁለተኛው ምንድን ነው አባዬ?»

«መደገሚያው ነዋ! አንድ መቆለፍ ለሌባ ምኑ ነው?»

ባጃጅ ጠጋኙን ጠራነው። ሲያይ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። ለካ የቁልፉ ሁለተኛ ቦታ ሰው ጨለማ ላይ መንገድ ዳር ሲቆም መኪና እንዳይገጨው የኋላውን መብራት አብርቶ ቁልፉን እንዲያወጣ የተሠራ ነው። ሲቆልፈው የቀኑ ብርሃን ደበቀው፤ ከመሸ በኋላ ደግሞ ሸራው። አባዬ በገዛ እጁ፣ በየምሽቱ፣ ከሌባ እየጠበቀ ባትሪውን ሲጨርስ ኖሯል።

እማዬ አባዬን ብዙ አየችው። «ሌባውን አገኘነው» አለች። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ ከዚያ ራቷን በላች።

እሑድ ማታ አባዬ አንድ «ቀጭ» ላይ አቆመ። «በቃ? እንዲህ በቀላሉ?» «በቃ አባዬ።» ገባ፣ ወጣ፣ ገባ። በመጨረሻ ሞተሩን በሰንሰለት ከማንጎው ጋር አሰረውና እንቅልፍ ወሰደው።

ዛሬ ጠዋት ኃላፊው መጡ። ዓሣ ሻጯ የምሥራቹን አልሰማችም ነበርና፣ ሲስተር በአለቃዋ ፊት እንዳታፍር ብላ መዘምራኑን በሙሉ ነጭ አስለብሳ አሰልፋቸዋለች። ዘበኛውም ቦታውን ይዟል። እማዬ ወጣችበት፣ አዝራሩን ተጫነች።

ዱፍ! በአንድ ጊዜ!

እኔ ዘለልኩ።  መዘምራኑ ግን እጃቸውን ዘርግተው ቀሩ። ዓሣ ሻጯ ሞተሩን አየች፣ ሰልፉን አየች፣ እማዬን አየች።

«እሺ ሲስተር፣ ደስ ይላል። እኛስ?»

እማዬ ትንሽ አሰበች። ከዚያ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሞተሩን አጠፋችው። ፍሪሲዮኑን ይዛ ማርሽ አስገባች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን እየሆንሽ ነው?» አሉ ኃላፊው።

«አንተ ምን ትቆማለህ?» አለቻቸው ዓሣ ሻጯ። «ቦታ አለ። በግራ።»

ኃላፊው ዙሪያቸውን አዩ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ በግራ ገቡ። መዝሙሩ ተነሳ። ሁለተኛው አዝማች ላይ ሞተሩ ተነሳ፣ ኃላፊውም ከሁሉም ጋር በግንባራቸው ተደፉ። ከጭቃው ቀና ብለው ነው «ይቆይ፣ እዚሁ ይቆይ» ያሉት። ስለ ሞተሩ ይሁን ስለ መግፋቱ አልጠየቅናቸውም። እማዬ ሳጥኗን ከአባዬ ተቀብላ በኢታንግ መንገድ ሄዳለች።

አሁን ዓሣ ሻጯ ለሁሉም ሰው ንገሪ ያለችኝን ልንገራችሁ። ሞተሩ ድኗል፤ መግፋቱ ግን ይቀጥላል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት። ጋምቤላ፣ ኒውላንድ ሰፈር፣ ማንጎው ሥር ኑ። መዝሙሩን ባታውቁትም ሁለተኛው አዝማች ላይ ትደርሱበታላችሁ። ሻይ ከእኛ፣ የተጠበሰ ዓሣ ከእሷ። ነጭ ጫማ አታድርጉ። ከማንጎው ግንድ ሥር ትንሽ የሶላር መብራት ታያላችሁ፤ አባዬ ለጉርጡ ያስቀመጠለት ነው፣ እንዳትረግጡት። ምክር ግን ይዛችሁ አትምጡ፤ እሱ ሞልቶናል።