ለውሻ የተያዘ ሳር

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ የስምንት ዓመት ልጄ ስልኬ ላይ አቀርቅራ ትጽፋለች። ምን እንደምታደርግ ብጠይቃት፣ «አሻንጉሊት ሆኜ እየተጫወትኩ ነው፣ እማዬ። ነፍስ ዘርቼ ከቤት ልወጣ ነው። ስልኩ የምጽፈው ሁሉ ይገባዋል» አለችኝ።

የምጽፈው ሁሉ! ዝናቡ በማያባራበት በዚህ በሰው አገር፣ በበርገን፣ ዜማው ገና ከጆሮዬ ሳይወጣ፣ ደሜ ፈላ። ልጄ ምን ታውቃለች? ማድቤት ገብቼ የታጠበውን ሰሃን መልሼ አጠብኩት።

አርባ ምንጭ፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ ትምህርት ቤታችን ከውጭ በእርዳታ የመጡ ስድስት ያረጁ ኮምፒዩተሮች ነበሩት። እኔና ጓደኛዬ ታደለች በደረሰን ላይ ሥዕል የሌለው፣ በጽሑፍ ብቻ የሚሄድ የእንግሊዝኛ ጨዋታ ነበረ። አንቺ የጨርቅ አሻንጉሊት ነሽ፤ አንድ ቀን ድንገት ነፍስ ትዘሪያለሽ። ባለቤትሽ ሕፃን ታማ ሐኪም ቤት ተኝታለች፤ ልትደርሺላት ይገባል። መሣሪያው ያለሽበትን ይነግርሻል፣ የምታደርጊውን አንቺ ትጽፊያለሽ። በየመስመሩ መዝገበ ቃላት እንገልጥ ነበር።

የመጀመሪያ ቀን ቁልፉን ሳልነካ አማተብኩ። ነፍስ የሚሰጥ ፈጣሪ ብቻ ነዋ!

«ኧረ ተይ አንቺ!» ብላ ታደለች ሳቀችብኝ። «ተረት እኮ ነው። እናትሽ ጅብ ሲያወራ ነግራሽ አታውቅም? ያኔም ታማትቢ ነበር?»

አባቷ ጋሞ ደጋ ላይ፣ ዶርዜ የሚኖር ሸማኔ ነው። እሷ ከተማው ውስጥ ሲቀላ ሰፈር አጎቷ ቤት ተቀምጣ ትማራለች፤ ከኩልፎ ወንዝ ዳር ማሳቸው ሙዝ በደብተሯ መሐል ሸጉጣ ታመጣልኝ ነበር፣ ሒሳብ ደብተሯ እስኪያጣብቅ። የኔ አባት በሥራ ተዛውሮ ከጎጃም የመጣ የግብርና ቢሮ ሰው ነው። ግንቦት ላይ፣ የማንጎው ሽታ ከጭቃው ጋር ተደባልቆ ሲያፍን፣ የጋሪ ጎማ የቆፈረውን ውሃ እየዘለልን አብረን እንሄድ ነበር። ከሁለታችን ጎበዟ እሷ ነበረች። የአሻንጉሊቷን ቤት፣ ክፍል በክፍል፣ ጓሮው ሳይቀር፣ በቃሏ ይዛ ካርታ ሥላለታለች።

የኮምፒዩተር መምህራችን ከየመሣሪያው አንድ አንድ ተማሪ ለክረምት ሥልጠና እንደሚመርጥ ነገረን። ለኔ ጨዋታ ነበር። ለታደለች ግን አጎቷ ቁርጡን ነግሯት ነበር፦ «ከተመረጥሽ እዚሁ ትማሪያለሽ። ካልተመረጥሽ አባትሽ ጋ ትወጪያለሽ።»

የምርጫው ቀን መምህሩ በየመሣሪያው እየዞረ ሲያይ፣ እኛ በጨዋታው ከጓሮው በር ደርሰን ቆመናል። በሩ ላይ ጥርሱን የሚያሳይ ውሻ አለ። ታደለች አሰበችና፣ «ጓሮው ሳር አለው አይደል? ንጪ ብለሽ ጻፊ» አለችኝ። ጻፍኩ። መሣሪያው ሳሩን ይዘሻል አለ። እጆቿን አጨበጨበች። «በቃ! በሳሩ ተንበርከኪለት። እኛ ጋ ሁለት ወገን ጦር ይዞ ቢቆም እንኳን ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው ይንበረከካሉ። ማንም ሳሩን አልፎ አይሄድም።»

በገዛ ጣቶቼ ጻፍኩት። ውሻው አሻንጉሊቷን ቦጫጨቃት። ሞተሻል አለን።

መምህሩ ከኋላችን ቆሞ ኖሯል። ጮክ ብሎ አነበበው፤ ቀጥሎ ለክፍሉ ተረጎመው። «ለውሻ ሽምግልና ተላከ!» ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። «የማን ሐሳብ ነው?»

ጣቶቼ ገና ቁልፉ ላይ ነበሩ። ቀስ ብዬ ሰበሰብኳቸው።

«የኔ ነው፣ ቲቸር» አለች ታደለች። ተነሥታ ልታስረዳው ጀመረች፤ «እኛ አገር ሰው ሲቆጣ...»

«እናንተ አገር እንዝርት ነው የሚሾረው። ይሄ ኮምፒዩተር ነው። ሂጂ እንዝርትሽን አሹሪ፣ እሱ ይሻልሻል።»

እዚያው ከዝርዝሩ ስሟን ሰርዞ ለሥልጠናው የኔን ጻፈ። እሷ ደብተሯን ሰብስባ ስትወጣ አየችኝ። እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ከሌሎቹ ጋር ሳቅኩ። ትንሽ ነው፤ ግን ሳቅኩ።

ክረምቱን ሠለጠንኩ። ለውሻው ከማድቤት ሥጋ መጣል ብቻ ነበር የሚፈለገው። ሕፃኗ ጋ ደረስኩ፣ ጨዋታው እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ፤ ሙያዬም ከዚያ ወዲህ ኮምፒዩተር ሆነ፤ እዚህ ያደረሰኝም እሱ ነው። ታደለች መስከረም ላይ አልተመለሰችም።

መሣሪያው ሳሩ ባይገባው አልፈርድበትም፤ ብረት ነው። ውሻውም ውሻ ነው። ያ ሰውዬ ግን ጋሞ መሬት ላይ ቆሞ፣ የጋሞን ውሃ እየጠጣ፣ በየመንደሩ ደም የሚያቆመውን ነገር አንድም ቀን አልጠየቀም። አንዲት ልጅ ያላትን ትልቁን ጥበብ አምጥታ ብታሳየው መሳቂያ አደረገው። እስከ ዛሬ ስሙ ሲነሣ ጥርሴን እነክሳለሁ።

የንስሐ አባቴ «ይቅር በይው፣ ልጄ፤ ቁጣ ነፍስን ይበላል» ይሉኛል። እሺ እላለሁ፤ ስሰግድም ስሙን እጠራለሁ። ግን እኔን ምን በደለኝ? የበደለው እሷን ነው። በእሷ ፈንታ ይቅር የምለው ማን ወክሎኝ ነው?

ይህን ሁሉ ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ። ያልነገርኳቸው አንድ ነገር አለ። የታደለችን ስልክ ቁጥር ካገኘሁ ሁለት ወር አለፈኝ፤ አልደወልኩም። መምህሩን መቆጣት ይቀላል።