ከተረቱ የተቆረጠ ስም

በዋግ ኽምራ ዓለምነህን የማያውቅ መምህር የለም ብል ማጋነን ነው፤ ግን ብዙም አልዋሸሁም። ከጎጃም ተመድቦ ሰቆጣ ሲመጣ ከእኔ ክፍል ጎን ያለውን አንደኛ ክፍል ያዘ። ልጆቹ ባገሩ ቋንቋ በኽምጣና ሲንጫጩ፣ እሱ በአማርኛ ሲለምናቸው አንድ ሴሚስተር አለፈ። እኔ ያገሩ ልጅ ነኝና በግድግዳው ማዶ እየሰማሁ እስቅበት ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ በምልክት ብታስተምር አይሻልህም?» እለዋለሁ። እሱ ቂም የሚባል አያውቅም። ኽምጣና የምታስተምረው ሰው ፈለገ፣ አገኘ፣ አገባትና አረፈው።

ወለተሥላሴ ትባላለች። የደሃና ወረዳ ልጅ ናት፤ ሰቆጣ ውስጥ ልብስ ትሰፋ ነበር። ተረት ስትጀምር የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የስፌት መኪናዋን ከቦ ይቀመጣል፣ ደንበኛ መግቢያ ያጣል። ዓለምነህ ድምጿን በስልኩ እየቀዳ ክፍል ውስጥ በትንሽ ስፒከር ያሰማ ጀመር። ያ ሲንጫጫ የኖረ ክፍል ጸጥ ብሎ ሲያዳምጥ ባየ ጊዜ፣ ለሌሎች መምህራንም ይድረስ ብሎ የቴሌግራም ቻናል ከፈተ። ተረቱ፣ ቁጥሩ፣ የንባብ መልመጃው እዚያ ይለጠፋል። ከሥሩ ደግሞ ለባልደረቦቹ ምክር ይጽፋል።

ምክሩ ጥሩ ነበር፤ ይኼን ማንም አይክደውም። ድምፅ ስትቀዱ ጋቢ ተከናነቡ፣ ቤቱ አያስተጋባም። ስልካችሁ በመሃል እንዳይጮህ ከኔትወርክ አውጡት። ሰሌዳ ፎቶ ስታነሱ ትንሽ ወደ ጎን በሉ፣ ፊት ለፊት ከቆማችሁ ያንጸባርቃል። ፋይሉን በክፍልና በትምህርት ስም ሰይሙት፣ «አዲስ»፣ «አዲስ ሁለት»፣ «የመጨረሻው አዲስ» እያላችሁ ኋላ ፍለጋ አትባዝኑ። በዚህ ሁሉ ብዙ ሰው ተጠቅሟል፣ እኔም ተጠቅሜያለሁ። አንዷ ምክር ግን በገዛ ቤቱ ላይ ዞረችበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በወለተሥላሴ እናት ቤት ተረት ለባዶ ቤት አይነገርም። የምትናገረው ሴት በመጀመሪያ አንድ ልጅ በስሙ ትጠራለች። ልጁ «አቤት» ሲል ተረቱ ይነሳል፤ የሚመልስ ከሌለ ይቀራል። ወለተሥላሴም ጋቢ ውስጥ ገብታ ስልኩን አፏ ላይ ስትደቅን፣ የምታጠባትን ልጇን ሳትጠራ ጀምራ አታውቅም። «ፅዮን! ፅዮንዬ፣ እየሰማሽ ነው?» ትላለች። ሕፃኗ ወይ ትስቃለች ወይ ታለቅሳለች፤ ለእናቷ ሁለቱም መልስ ነው።

ሙግቱ የመጣው ከደሃና ነው። አንድ መምህር «ክፍሌ ውስጥ ሁለት ፅዮኖች አሉ። ስልኩ ስማቸውን በጠራ ቁጥር ብድግ ይላሉ፣ የቀሩት ደግሞ እኛስ ለምን አንጠራም ብለው ያኮርፋሉ» ብሎ ጻፈ። ሌላው «ፋይሉ ከባድ ነው፤ ይህን ለማውረድ ጋራ ላይ ወጥቼ ግማሽ ቀን መዋል አለብኝ?» አለ። ዓለምነህ የሰው ችግር እንቅልፍ ይነሳዋል። ተቀመጠና ከየቅጂው ራስ ላይ ጥሪውን ቆረጠ። የሕፃኗን ሳቅ ቆረጠ። የሚስቱን ሳል፣ «ቆይ ውሃ ልቅመስ» ያለችውን፣ በመሃል ለጎረቤት የመለሰችውን ሁሉ ቆረጠ። ስልኩ ሞልቶ ስለነበር ጥሬውን ከስልኩም ከቻናሉም ደመሰሰና «የተከረከመውን ብቻ አስቀሩ፤ ጥሬውን ደምስሱ፤ ቦታ ይበላባችኋል» ብሎ ለባልደረቦቹ ጻፈ።

ከዚያ በኋላ ኔትወርክ ተቋርጦ ብዙ የቆየበት ዓመት መጣ፣ ወለተሥላሴም በዚያው ዓመት ታመመች። ጉበት ነው አሉ። ወደ ትልቅ ሆስፒታል ትሂድ ሲባል መንገዱ አልሆነም። እያየናት አለቀች። ፅዮን ገና ግድግዳ ይዛ የምትቆም ነበረች። ለቅሶው ላይ ዓለምነህ ደርቆ ተቀመጠ። እንባ የለ። ተናደድኩበት፤ «አልቅስ እንጂ! ሰው ሞቶብሃል እኮ!» አልኩት። «ድምጿ አለኝ» አለኝ። ሰው መጽናኛ ሲያገኝ ይቀበሉታል ብዬ ተውኩት።

ድምጿማ አለ። ስለ ጅብና ስለ አህያ ያወራል፣ ይቆጥራል፣ የእንስሳትን ስም ይዘረዝራል። ጥርት ያለ ነው፣ እንከን አይወጣለትም። ፅዮን አድጋ ትምህርት ቤት ስትገባ እንደማንኛዋም ልጅ ከስልኩ ጋር እየተቀባበለች ቆጠረች። እናትሽ ናት ብለን ነግረናታል። «አዎ፣ የሁላችንም ቲቸር» ትላለች።

ባለፈው ዓመት አንድ ከሰዓት ልጆች ሲለቀቁ፣ ማሬ የምትባለውን ጓደኛዋን እናቷ ከአጥሩ ማዶ ስሟን እያቆላመጠች ጠራቻት። ማሬ እየበረረች ሄደች። ፅዮን ቆማ አየቻትና ወደ አባቷ ዞረች።

«አባ፣ እማዬ እኔን ምን ብላ ነበር የምትጠራኝ?»

«ፅዮንዬ ነበር የምትልሽ።»

«በአንተ ድምፅ አይደለም። በእሷ።»

የዚያን ቀን ስልኩን ከፍቶ ቅጂዎቹን ሁሉ ከራስ እስከ እግራቸው አዳመጠ። አንድም የለም። በማግስቱ ሰልፍ ላይ ሳየው ዓይኑ አብጧል። «ስሟን ከእናቷ አፍ ላይ የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለኝ። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚሉት እውነት ነው፤ ግን በዚያ ሰዓት ለሰው ተረት አይነገርም፣ ዋጥኩት።

ቻናሉ ላይ ጻፈ። «ያልተከረከመ የድሮ ቅጂ ያላችሁ፣ ቢከብድም ላኩልኝ፤ ለልጄ ነው።» መልሱ ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ይንጠባጠባል። «ቲቸር ዓለምነህ፣ እንደ ምክርዎ ያን ጊዜውኑ ደምስሰነዋል።» «እኔም እርስዎ እንዳሉት አድርጌያለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ስልኬ ቀለለልኝ።» አንዱ ለጋራ ስልካቸው ሲል የትምህርት ቤቱን ሁሉ መምህራን አስደምስሷል። እኔ እያነበብኩ ተናደድኩ። በየስብሰባው አንድ ነገር ፈጽሙ ሲባል የማይፈጽም መምህር፣ ይህን ብቻ እንዴት ሳያስተርፍ ፈጸመው?

ዓለምነህ ተስፋ ሲቆርጥ ከኒሯቅ ማንጠግቦሽ የምትባል መምህርት ጻፈች። «አይቆጡኝና፣ እኔ ሰነፍ ነኝ፤ ምክርዎን አልተከተልኩም። መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ አለኝ፣ እዚያ ላይ አንድ አለ።» ኔትወርክ ብልጭ ባለበት ሰዓት ዓለምነህ ቸኩሎ ሳይከረክም የለጠፈው፣ በማግስቱ ከቻናሉ ያነሳው ነበር። በቻናል ላኪልኝ ብሎ መንገድ ላይ ይጥፋ? ቅዳሜ ማለዳ ልጁን እኔ ዘንድ ትቶ በሚኒባስ ሄደ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እሱም እኔ ቤት ደረሰ። ፊቱ አላማረኝም።

«አጣኸው?» አልኩት።

«አገኘሁት። እኔም አለሁበት።»

ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። ፅዮንን በርጩማ ላይ አስቀመጣትና ቅጂውን ከፍቶ ስልኩን ጉልበቷ ላይ አኖረው። መጀመሪያ የጋቢ መንሿሿት ተሰማ። ቀጥሎ የማውቃት ወለተሥላሴ፣ ያቺ የስፌት መኪናዋ ላይ የምትቀልደው፣ የቻናሉ ያልሆነችው፣ ቤቱ ውስጥ ያለች ያህል ቀርባ ተናገረች።

«ፅዮን! ፅዮንዬ፣ እየሰማሽ ነው?»

«አቤት!» አለች ልጅቷ፣ ከበርጩማው ብድግ ብላ።

ከስልኩ ውስጥ ዓለምነህ ተቆጣ። «ስሟን ተይው አላልኩሽም? ኋላ መቁረጤ ነው እኮ።»

«ሰው ሳልጠራ ለማን ላውራ ታዲያ?» አለች ወለተሥላሴ። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣ በዚያ በለመድነው የክፍል ድምጿ፣ የጅቡን ተረት ጀመረች።

ዓለምነህ ግድግዳዬን ተደግፎ ወደ መሬት ወረደ። በለቅሶው ቀን ያላለቀሰውን አሁን እያለቀሰ ነው፤ አፉን በጋቢው ይዞታል። ፅዮን አላየችውም። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ትጠብቃለች።

«አቤት፣ እማ!» አለች ደግማ።

ተረቱ ቀጠለ። ጅቡ አህያዋ ቤት ደርሶ በር ያንኳኳል። ፅዮን ወደ እኔ ቀና አለች፣ ግንባሯ ተቋጥሯል።

«አልሰማችኝም» አለች። ወደ አባቷ ሄዳም ስልኩን ዘረጋችለት። «አባ፣ ድምፁን ጨምረው።»

ዓለምነህ እስከ መጨረሻው ጨመረው። እሷም አፏን ስልኩ ላይ አስጠግታ፣ ተረቱ እስኪያልቅ ድረስ «አቤት! አቤት!» ትል ነበር።