የጎሬው ስኮርታ

ሥራ የጀመርኩት መቱ ነው፤ ሰፋሪዎች በአውቶቡስ ከወሎ እየገቡ በኢሉባቦር ወረዳዎች በሚከፋፈሉበት ጊዜ። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት የመዝገብ ክፍሉ ኃላፊ ጓድ መርዕድ ሁለት የብረት ካቢኔቶች ፊት አቆሙኝ። እያንዳንዱ ሰፋሪ አንድ ካርድ ነበረው፦ ስሙ፣ የወላጆቹ ስም፣ የመጣበት አገር፣ አሁን ያለበት የሰፈራ መንደር። የሁሉም ካርድ ግልባጭ ደግሞ በሁለተኛው ካቢኔት ውስጥ ነበር። ሁለቱንም የምይዝ መስሎኝ ደስ አለኝ። ኃላፊው ግን አንደኛው እዚህ እንደሚቀር፣ ሌላው ወደ ጎሬ እንደሚሄድ፣ እኔም አብሬው እንደምሄድ ነገሩኝ።

ለምን ብዬ ጠየቅኩ። የመቱው ቢቃጠል ወይም ጎርፍ ቢገባበት ሥራው አንድ ቀን ሳይቆም በጎሬው እንዲቀጥል ነው፤ ሁለት ቤት በአንድ ቀን አይቃጠልም አሉ። እኔ ለምን እንደተመረጥኩ የሰማሁት ከባልደረቦቼ ነው። ሚስት የሌለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ካቢኔቱን መኪና ላይ ስንጭን ሾፌሩ ቶሎሳ «ስኮርታ» ብሎ ስም አወጣልኝ። ጎማ ካልፈነዳ ማንም የማያስታውሰው ትርፍ ጎማ ማለቱ ነው። ስሙ ጡረታ እስክወጣ አልለቀቀኝም።

ጎሬ ያኔ መሥሪያ ቤቶቿ ወደ መቱ ሄደውባት ጭር ብላ ነበር። የተሰጠኝ ክፍል በአንድ አሮጌ ቢሮ ጫፍ ላይ ነው፤ የቀሩት ክፍሎች ተቆልፈዋል። ክረምት ሲሆን ጉሙ በመስኮት ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ይተኛል።

ዓርብ ዓርብ ቶሎሳ የለውጥ ወረቀቶች የያዘ ፖስታ ያመጣልኛል። አዲስ ለገባ ሰው ካርድ እጽፋለሁ፤ የተዛወረውን መንደሩን አርማለሁ፤ የሞተውን አውጥቼ አቃጥላለሁ። መመሪያው እንዲያ ነው። የካቢኔቱ እግሮች ምስጥ እንዳይወጣባቸው የተቃጠለ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ ቆመዋል። ካርዶቹ እርጥበት ሲይዛቸው መሳቢያ በመሳቢያ እያወጣሁ ከሰል አጠገብ አናፍሳቸዋለሁ።

ጓድ መርዕድ አልፎ አልፎ ድንገት ይመጡና ከመቱ የያዟቸውን ጥቂት ካርዶች ከእኔዎቹ ጋር ያስተያያሉ። ሁለቱ መንታ ይሁኑ ይሉ ነበር። ልዩነት አግኝተው አያውቁም። ምስጋና የሚባል ነገር የለም፤ ጥፋት ካልተገኘ ሻይ ጠጥተው ይመለሳሉ።

የሥራው ክፋት ይኼ ነበር፦ የሚፈልገኝ ሰው ክፉ ነገር ሲደርስ ብቻ ነው የሚመጣው። ክፉ እንዳይመጣ እጸልያለሁ፤ ካልመጣ ደግሞ ጠያቂ የለኝም። አንዳንድ ሳምንት ከቤት አከራዬ ሰላምታ በቀር የሰው ቃል ሳልሰማ ዓርብ ይደርሳል። ቶሎሳ ፖስታውን በመስኮት እያቀበለ «አከም ጂርታ፣ ስኮርታ? ዛሬም ሰው የለም?» ይለኛል። ካቢኔቱን አሳይቼው «ሞልቷል» እለዋለሁ። መጀመሪያ ቀልድ ነበር። ካርድ ሳናፍስ ስም ማንበብ ለመድኩ፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ በቃሌ ያዝኩ። ኋላ ቀልድነቱ ቀረ።

ስለዚህ የሞቱትን ማቃጠል አቃተኝ። የሞት ወረቀቱን በስፒል ከካርዱ ጋር እያያዝኩ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣቸው ጀመር። ስለ ጥንቃቄ አስቤ ቢሆን ዛሬ እኮራበት ነበር። ብቸኝነት ነው ያደረገኝ።

አንድ ክረምት ኡካ በኩል ካሉት መንደሮች ባንዱ ወባ ገባ። የሞቱትም፣ ተርፈው እዚያው ኢሉባቦር ቡሬ በኩል የተዛወሩትም ባንድ ወረቀት ላይ ተጽፈው መቱ ደረሱ። የመቱው ጸሐፊ ሁሉንም ሞቱ ብሎ መዘገባቸው፤ ካርዶቻቸውን አቃጠለ፤ ለእኔም እንዲሁ ላከልኝ። እኔም እንደታዘዝኩት ከቦታቸው አወጣኋቸው። ሁለቱ ካቢኔቶች መንታ ነበሩና ስህተታቸውም መንታ ሆነ።

ዓመት ካለፈ በኋላ እትዬ ዘነቡ የሚባሉ ሰፋሪ ከሌላ የሰፈራ መንደር በእግራቸው መቱ መጡ። ወሎ ሳሉ አብረው ተሳፍረው፣ ሲከፋፈሉ የተለያቸው ልጃቸው ሰይድ ቡሬ አካባቢ መታየቱን ከአንድ ነጋዴ ሰምተዋል። ወደሳቸው እንዲዛወርላቸው ለመኑ። ጸሐፊው ፈልጎ የልጁን ካርድ አጣ። ካርድ የሌለው ሰው ራሽን አያገኝም፤ አይዛወርም። አዲስ ካርድ የሚወጣው ደግሞ መጀመሪያ ሲገባ ከሰጠው ቃል ብቻ ነው፤ ያም ቃል ያለው ካርዱ ላይ ነበር። ልጅዎ የለም ብለው አሰናበቷቸው። እሳቸው ግን በረንዳው ላይ ተቀመጡ፤ አልነሳም አሉ።

ጓድ መርዕድ ስልክ ደወሉልኝ። ስሙን፣ የእናቱን ስም ነግረውኝ እኔ ጋ እንዳለ ጠየቁ። መሳቢያ መክፈት አላስፈለገኝም።

«ከሞቱት ጋር ነው ያለው» አልኳቸው።

«የሞቱትን አቃጥል አልተባልክም?»

«ተብያለሁ።»

«ታዲያ?»

እውነቱን መናገር አፈርኩ። «ክብሪት ጠፍቶ ነው» አልኩ።

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «እንዳትነካቸው። እየመጣሁ ነው» ብለው ዘጉት።

በማግስቱ ቶሎሳ ጓድ መርዕድንና እትዬ ዘነቡን ይዟቸው መጣ። ኃላፊው ወባ የገባበትን መንደር ካርዶች ከኡካ ከመጣው ዋና ወረቀት ጋር እያስተያዩ በሕይወት ያሉትን ሲለዩ፣ እኔ የሰይድን ካርድ አውጥቼ ለእትዬ ዘነቡ ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ማንበብ ስለማይችሉ ስሙ የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ በጣቴ አሳየኋቸው።

«ይኼን ሁሉ ጊዜ እዚህ ነበር?» አሉ።

«አዎ፣ ከእኔ ጋር።»

«እንዲያ ከሆነ ብቻውን አልነበረም።»

እኔም ብቻዬን አልነበርኩም ልላቸው ፈልጌ ነበር፤ ግን ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ጓድ መርዕድ በሕይወት ያሉትን ካርዶች ይዘው ሄዱ። ሲወጡ ከኪሳቸው አንድ ክብሪት አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ከሰል አቀጣጠልኩበት።

ሰይድ እናቱ ቤት መግባቱን ቶሎሳ ነገረኝ። በጣም ደስ አለኝ። በሳምንቱ ካርድ ሳናፍስ ግን ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ስሙን ፈልጌ አጣሁትና ከፋኝ። ከእኔ ጋር የቀሩት በእውነት የሞቱት ብቻ ነበሩ።

ዛሬ ይህንኑ ሥራ በኮምፒውተር ለምትሠሩ የምለው ይኼ ነው። ግልባጩ የዋናውን ለውጥ ቶሎ ይከተል፤ ስረዛውን ግን ያዘግይ፤ አለዚያ ስህተቱንም አብሮ ይወርሳል። ግልባጩን የሚጠብቀውንም ሰው ክፉ ነገር ሳይደርስ ሄዳችሁ ጠይቁት።