ጀማሉዲን የመኪናውን የፊት እግር ያስቀየረ ጊዜ

ከኩታበር ወዲያ፣ ወንዙን ተሻግሮ ባለው ቀበሌ፣ ሞተር ያለው ነገር የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ጀማሉዲን ይባላል። ዕድሜውን ሙሉ የሰው የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ በመጨረሻ አንዲት ያረጀች የጃፓን ፒክአፕ ገዝቶ ወደ አገሩ ገባ። አራቱም ጎማዋ ይጎትታል። በገበያ ቀን እህልና ሰው ይጭናል። በሽተኛ ሲመጣ ግን ገበያተኛውን መንገድ ላይ አውርዶ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ይወስደዋል። ከበሽተኛ ዋጋ ተቀብሎ አያውቅም። ከሌላው ይቀበላል፤ ያውም እየጮኸ። ቁጡ ሰው ነበር፤ ቁጣውን ደግሞ አይደብቅም።

መኪናዋ አንድ ጉድ ነበረባት። የፊት ጎማዎቿ ለየብቻቸው በቀጫጭን ክንድ የተያዙ ናቸው። ለአስፋልት እንዲህ ያለው ይመቻል፤ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላው አይሰማውም። በዚያ የድንጋይ መንገድ ላይ ግን ክንዱ ዛሬ ይጣመማል፣ ነገ ይሰበራል። ጀማሉዲን እያስጠገነ ይነዳል፤ እየነዳ ይሰብራል።

በሰማንያ አንድ ዓ.ም. ክረምቱ ሲገባ የበሺር ሚስት መዲና ምጥ ጠናባት። ጀማሉዲን ጭኗት ሲሮጥ ወንዙ መካከል የግራው እግር ቀጭ አለና መኪናዋ አፍንጫዋን ውኃ ውስጥ ደፋች። የቅሬው ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ደረሱ። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ቅሬ ሬሳ ብቻ አይቀብርም፣ በሽተኛም ይሸከማል። መዲናን አውጥተው ቃሬዛው ላይ ሲያስተኟት ሞላልኝ የሚባል ቀልደኛ፣

"ጀማሉዲን፣ መኪናዋንስ ዛሬ እንሸከማት ወይስ ነገ እንመለስላት?" አለው።

ሰው በዚያ ጭንቅ መሀል ሳቀ። ጀማሉዲን ከወንዙ ድንጋይ አንስቶ ነበር፤ መልሶ ጣለውና የቃሬዛውን አንድ እጀታ ያዘ። እማማ ወለተ ማርያም፣ ስንቱን ያዋለዱ አሮጊት፣ ጎን ጎን እየተራመዱ የመዲናን እጅ አለቀቁም። እናቲቱ ተረፈች። ልጁ ግን ሞቶ ተወለደ።

በሺር ጀማሉዲንን አልወቀሰውም። እንደ ሁልጊዜው ሰላም ይለዋል፣ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ቢሰድበው ይሻለው ነበር። ጀማሉዲን ያንን ሰላምታ በሰማ ቁጥር ደሙ ይፈላል።

መኪናዋን አስጎትቶ ደሴን አለፈ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ቀለሙ ዘንድ አደረሳት። ቀለሙ በያጅም መካኒክም ነው፤ ከጀማሉዲን ጋር የድሮ ባልንጀሮች ናቸው።

"ይህን እግር አውጥተህ ጣልልኝ" አለው ጀማሉዲን። "ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ አክስል አድርግልኝ፤ እንደ ድሮዎቹ መኪናዎች።"

"አክስሉ ከየት ይመጣል?"

"ደጋን ላይ የተገለበጠ ላንድሮቨር አለ አላልከኝም?"

"አለ። ሰውዬውም ይሸጠዋል። አክስሉ ርካሽ ነው። ውዱ ከአክስሉ ኋላ የሚመጣው ነው።"

"ምን ይመጣል?"

ቀለሙ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከመኪናዋ ሥር አየ። "ሻንሲህ ላይ አክስሉን የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት፣ ባሌስትራው፣ የሚታሰርበት ቦታ የለም፤ ብረት ቆርጬ ልበይድልህ ነው። ባሌስትራው ሲገባ መኪናዋ ከፍ ትላለች። ከፍ ስትል መሪው አይደርስም፣ የፍሬኑም ቱቦ ያጥራል። ከካምቢዮ ወደ ፊት የሚሄደው ዘንግ ልኩን ይስታል፤ እሱም ተቆርጦ ይበየዳል።"

"በቃ?"

"አልበቃም። የፊቱና የኋላው ጥርስ እኩል ካልዞረ እየተጓተቱ ይበላላሉ። ስለዚህ የኋላውም አክስል ከላንድሮቨሩ ይወጣል።"

"የፊቱን ነው ያልኩህ!"

"እኔማ ሰምቼሃለሁ። እሷ ናት ያልሰማች።"

ጀማሉዲን እየተሳደበ ከግቢው ወጣ። የኮምቦልቻን ዋና መንገድ ወርዶ ወጥቶ፣ ላቡን እየጠረገ ተመለሰና "ስንት?" አለ። ቀለሙ ነገረው። "ወላሂ በዚህ ገንዘብ ለቀበሌው ሰው ሁሉ በቅሎ እገዛለታለሁ!" አለ ጀማሉዲን።

"ግዛላቸዋ" አለው ቀለሙ፤ "በቅሎ መበየድ አይጠበቅብኝም።"

ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለዘሀራ ሲነግራት እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ ከእናቷ የወረሰችውን የብር የእግር አልቦ ከሣጥን አውጥታ ፊቱ አኖረችው። "ጥገቷንም ሽጣት" አለች። "ለልጆቹ ወተት ከጎረቤት እለምናለሁ። ግን ስማኝ፤ ይቺ መኪና ሁለተኛ ወንዝ ውስጥ ሰው ይዛ ብትቆም፣ እዚያው ከሷ ጋር እደር።"

ጥገቷ ተሸጠች፣ አልቦውም ተሸጠ፣ የወንድሙም በሬ ተጨመረ። ጀማሉዲን ክረምቱን ከቀለሙ ጋራዥ ሳይወጣ ከረመ። ባሌስትራው ጠነከረ፣ ላላ፣ መሪው ወደ ግራ ይስባል እያለ ሲጨቃጨቅ ቀለሙ ሁለት ጊዜ መዶሻውን ጥሎ ወደ ቤቱ ሄዶበታል። ሁለቱንም ጊዜ ጀማሉዲን ሄዶ ለምኖ አመጣው። መስከረም ላይ መኪናዋ አገሯ ገባች፤ እንደ ግመል ከፍ ብላ።

የቅሬው ዳኛ ሸህ አብዱልወሀብ "ዱዓ ሳይደረግላት አትሠራም" አሉ። የአገሩ ልማድ ነው፤ ሰው የሚገለገልበት ነገር ሲሠራ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ይመርቀዋል። ሁለት ፍየል ታረደ፤ አንዱ በእስላም እጅ፣ አንዱ በክርስቲያን እጅ። ሸህ አብዱልወሀብ መረቁ፣ ቄሱም መረቁ። የእማማ ወለተ ማርያም ልጅ ደጉ፣ ደሴ ካድሬ ሆኖ የሚሠራው፣ እናቱን ሊጠይቅ መጥቶ ነበርና ካኪውን እንደለበሰ ከሰው መሀል ተቀመጠ።

"ጋሼ ጀማሉዲን፣ እውነት አሁን ይህቺ ወንዙን ትሻገራለች?" አለ።

እዚያ ላይ ነው ጀማሉዲን የተሳሳተው። ዘሀራ በዓይኗ ጠቀሰችው፤ አላያትም። ደጉን እጁን ይዞ ጋቢና አስገባው። ሰው ሁሉ እያየ በሞላው ወንዝ ገብቶ ወጣ፤ ፍየል የማይወጣውን ድንጋያማ ዳገት ወጣ፤ ከላይ አዙሮ ወረደ። ሴቶች እልል አሉ።

"ጭቃ በላት፣ ድንጋይ በላት፣ ክረምት በላት፣ አትቆምም!" እያለ ይጮኻል። "ደሴ ከተማ ውስጥ እንኳ እንዲህ ያለች የለችም!"

"በእውነት የለችም" አለ ደጉ። "እርስዎ የተመሰገኑ ሰው ነዎት ጋሼ።"

ያን ጊዜ ጦርነቱ ከትግራይ ወርዶ ወደ ሰሜን ወሎ ተጠግቶ ነበር። ኅዳር ሳይገባ፣ መኪናዋ ለዘመቻ ተፈልጋለችና ይዘሃት ቅረብ የሚል ትእዛዝ ለጀማሉዲን ደረሰው። ደሴ ይዟት ሄደ። ቁልፉን ተቀበሉት፤ እሱን አልፈለጉትም፤ ወታደር ነው የሚነዳት። ሮጦ ደጉ ቢሮ ገባ።

"አንተ ነህ የጠቆምካት!"

"ጓድ ጀማሉዲን፣ ተረጋጋ። ለአንድ ወር ነው።"

መንደር ላይ "እርስዎ" ሲለው የነበረ ልጅ ነው። ጀማሉዲን ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ያዘ። "ዓይንህን ለአንድ ወር አውሰኝ ብልህ ታውሰኛለህ?"

"አገር ሊፈርስ ነው፤ አንተ ስለ ፒክአፕ ታወራለህ።"

"እግሯ ሲሰበር የት ነበራችሁ? ሰው ወንዝ ውስጥ ሲያምጥ የት ነበራችሁ? ያን ጊዜ ማንም አልፈለጋት! በልጆቼ ወተት ብረት ገዝቼ ጠንካራ ሳደርጋት ነው አገር የሆነች?"

ሁለት ዘበኞች ብብቱን ይዘው አወጡት። ከደሴ እስከ ኩታበር ባገኘው ጭነት ተንጠልጥሎ፣ ከዚያ ወዲያ በእግሩ ሄደ። መንገድ ላይ ሰላም ያለውን ሁሉ ዘጋው። ከሁሉ የበለጠ ያናደደው የራሱ አፍ ነበር። የተሰበረችውን መኪና ማንም አልወሰደበትም፤ ያዳናትን እሱ ራሱ ዳገት አስወጥቶ አሳያቸው።

በማግሥቱ ቅሬውን አስጠራ። ሰው ዋርካው ሥር ተቀመጠ።

"ደጉ ከቅሬ ይውጣልኝ" አለ። "መኪናዋ የኔ ብቻ አይደለችም፣ የናንተም ቃሬዛ ናት። ቃሬዛ የሰረቀ ሰው ሊቀበር አይገባውም። እሳትም ውኃም ይነሳ።"

ሸህ አብዱልወሀብ ጢማቸውን ዳሰሱ። "ጀማሉዲን፣ ቅሬ ሰው አያወጣም። ቤት ነው የሚያወጣው። የደጉ ቤት ደግሞ የእናቱ ቤት ነው።"

ሁሉም ዞሮ እማማ ወለተ ማርያምን አየ። ጀማሉዲንም አየ። ያን ጊዜ ዝም ማለት ይችል ነበር። ቁጣው ግን አላስቻለውም።

"እንግዲያው ቤቱ ይውጣ!"

በሺር ከተቀመጠበት ብድግ አለ። "ጀማሉዲን፣ በነቢ! እኚህ ሴትዮ እኮ..."

"ተወው በሺር" አሉ አሮጊቷ። "እውነቱን ነው። የወለድኩት እኔ ነኝ።" ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡና ፍርዱን ሳይጠብቁ ሄዱ።

ቅሬው ቤቱን አስወጣ። ማንም ደስ አላለውም።

ጀማሉዲን ከዚያ በኋላ በየጊዜው ደሴ እየሄደ ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ይቆማል፤ "መኪናዬን" ይላል፤ ባዶ እጁን ይመልሱታል። አንድ ቀን እዚያው ቆሞ ሳለ እማማ ወለተ ማርያም በመንገዱ ሲመጡ አየ። በእግር ነው የመጡት። ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው፣ መቀነታቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው አስረዋል። በሩ ፊት ደርሰው ደረታቸውን መቱ።

"ልጄ ደጉ! ቀባሪ የሌለህ ልጄ! ዋይ ልጄ!"

ዘበኞቹ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ መሳቁን ተዉ። ከመንገዱ ሰው ተሰበሰበ፤ የማያውቋቸው ሴቶች የእውነት ሐዘን መስሏቸው አብረው ማልቀስ ጀመሩ። ደጉ እየሮጠ ወጣ።

"እናቴ! ምን ሆነሻል? በቁሜ?"

"በቁምህ ነዋ! ስትሞትማ ማን ያለቅስልሃል? ቅሬ የለህም። እኔም የለኝም። ስለዚህ ዛሬውኑ ጉልበት ሳለኝ ልጨርስህ ብዬ ነው።"

"በቃሽ፣ ሰው እያየን ነው።"

"ይይ! የሰው ቃሬዛ ስትወስድ ያላፈርክ፣ እናትህ ስታለቅስልህ ታፍራለህ?"

ጀማሉዲን አጥሩን ተደግፎ ይህን ሰማ። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። እሱ ግን ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

ደጉ እንዴት እንዳደረገው አይታወቅም፤ ከሦስት ቀን በኋላ መኪናዋ ተመለሰች። መስታወቷ ተሰብሯል፣ በሯ በጥይት ተበስቷል። አክስሉ ግን ምንም አልሆነም። ቅሬውም ቤቱን መለሰ። ደጉን ግን አለቆቹ የዘመቻ መኪና በእናትህ ልቅሶ ትመልሳለህ ብለው ወደ ግንባር ላኩት። ጥር አልፎ፣ የካቲት አልፎ፣ አንድ ቃል አልመጣም።

እማማ ወለተ ማርያም አንድም ቀን ጀማሉዲንን አልተናገሩትም። በመንገድ ሲያገኙት ሰላም ይሉታል፤ ልክ እንደ በሺር። እሱ በዚያ ሰላምታ ተቃጠለ። አንድ ጧት መኪናዋን አስነስቶ ደጃቸው ላይ አቆመና ጡሩንባውን ነፋ።

"ውጡ እማማ! ደሴ እንሄዳለን!"

"ምን ልንሠራ?"

"ልጅዎን ልንጠይቅ ነው እንጂ ምን ልንሠራ! ግቡ!"

"ልጁ የኔ፣ የምትጮኸው አንተ?" አሉ ሴትዮዋ። ቢሆንም ገቡ።

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ አንድ ጸሐፊ የደጉን ሙሉ ስም ጠየቀ፣ ገባ፣ ወጣ። "የምናውቀው ነገር የለም" አለ።

"ምን ማለት ነው የምናውቀው ነገር የለም?" ጀማሉዲን ጠረጴዛውን መታው። "የላካችሁት እናንተ አይደላችሁ? ሰው ነው እኮ! ካኪ አልብሳችሁ፣ የአገሩን ሰው አስጠልታችሁ፣ ከዚያ ላካችሁት! ወዴት ነው የላካችሁት? ከማን ጋር? ሕያው ነው ሙት ነው? ይኼንንም አታውቁም?" ለመኪናዋ እንዲህ ጮኾ አያውቅም። ከጎረቤት ክፍል ሰዎች ብቅ አሉ። እነዚያው ዘበኞች መጥተው ብብቱን ያዙት፤ አንደኛው አወቀውና፣

"አንተ ሰውዬ፣ መኪናህ ተመልሳልህ የለም እንዴ? አሁን ደግሞ ምን ቀረህ?" አለው።

"ልጁ!" አለ ጀማሉዲን። "ልጁን መልሱ!"

እስከ በሩ ገፍተው አወጡት። እማማ ወለተ ማርያም ከኋላው ቀስ ብለው ወጡና ጋቢና ውስጥ ተቀመጡ። ጀማሉዲን ሞተሩን አስነሣ። መስኮቱን አውርዶ ዘበኛውን ተጣራ።

"ነገም እንመጣለን!"

በማግሥቱም መጡ።